እንከኗ የበዛ አጥቢያ የማን ናት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከእሑድ ጉባኤ በኋላ በረንዳ ላይ፣ በቤት ለቤት ኅብረት፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ቡና እየተጠጣ የሚነሡ ናቸው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የወንጌላውያን ምዕመናን ናቸው። እምነታቸውን አልተዉም፣ አጥቢያቸው ግን መርራቸዋለች። ጥያቄዎቹ ሳይለሳለሱ እንደተነገሩ ቀርበዋል።

ጉዱን ሁሉ እያየሁ “የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ናት” ብል ራሴን ማታለል አይሆንም?

እንዲህ የሚል ሰው የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት አንድ ጊዜ ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ቢያነበው ደስ ይለኛል። ቆሮንቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዩልዮስ ቄሣር እንደገና ያስቆረቆራት፣ በሁለት ወደቦች መካከል የተቀመጠች የንግድ ከተማ ነበረች። ጳውሎስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተማረባት። ያኔ አገረ ገዡ ጋልዮስ ነበር፤ ደልፊ ላይ በተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ የተነሣም ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ51 እስከ 52 ገደማ እንደሆነ ይታወቃል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጳውሎስ ኤፌሶን ሳለ ከቀሎዔ ቤተ ሰዎች ወሬ ደረሰው።

ወሬው የሚያስደስት አልነበረም። ምዕመኑ በአስተማሪ ስም ተቧድኗል፤ አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ይላል። አንድ ሰው የአባቱን ሚስት ይዞ ይኖራል፣ ጉባኤውም በዚህ ማዘን ሲገባው ይታበያል። ወንድም ወንድሙን ፍርድ ቤት ያቆማል። የጌታ እራት ላይ ያለው ቀድሞ በልቶ ይሰክራል፣ የሌለው እያየ ይራባል። ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉም አሉ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በእኛ ሰፈር አጥቢያ ቢገኝ በአንድ ሌሊት ቲክቶክ ላይ ይወጣ ነበር።

ደብዳቤው ግን “በቆሮንቶስ ላለች ለእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን” ብሎ ይጀምራል። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ጉዱን ከሰማ በኋላ፣ ለዚያው ጉድ መልስ ሊሰጥ ብዕር ባነሣበት ሰዓት ነው። ወደ ተግሣጹ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። የሚያመሰግነው ስለተሰጣቸው ጸጋ ነው፤ ጠባያቸውን የሚያወድስ አንድ ቃል እዚያ ምስጋና ውስጥ የለም። ምዕመናኑን “የተቀደሱ” ይላቸዋል፣ እንዴት መቀደስ እንዳለባቸውም አሥራ ስድስት ምዕራፍ ይጽፍላቸዋል።

ስለዚህ አጥቢያዋን የእግዚአብሔር ያደረጋት ጥሩነቷ አይደለም። ጠርቷታል፣ በደም ዋጅቷታል (ሐዋ. 20፥28)፤ ነገሩ እዚያ ያልቃል። ብዙዎቻችን አጥቢያን በልባችን እንደ እድር ነው የምናያት። ይመሳሰላሉም፦ መዝገብ አላት፣ መዋጮ አላት፣ ድንኳንና ወንበር አላት፣ የሚጨቃጨቅ ኮሚቴም አይጠፋም። እድርን ግን አባላቱ አቋቋሙት፣ አባላቱ ሊያፈርሱትም ይችላሉ። አጥቢያን ያቋቋሙት ሰዎች ግን፣ መሥራች ሽማግሌዎችም ቢሆኑ፣ ባለቤቶቿ አይደሉም።

ጳውሎስ ለሁሉም እንዲህ ይጽፍ የለ? የደብዳቤ ወግ ሊሆን ይችላል።

ለገላትያ ሲጽፍ “ለገላትያ አብያተ ክርስቲያናት” ብሎ ያልፋል። ምስጋናም የለም፤ ሰላምታው እንዳለቀ “እደነቃለሁ” ብሎ ነው የሚጀምረው። ቆሮንቶሶች በምግባር ወድቀው ተመሰገነባቸው፣ ገላትያዎች ወንጌሉን ሊለውጡ ሲሉ ምስጋናው ቀረ። እነርሱንም ቢሆን “ወንድሞች” ማለቱን አላቆመም።

ይህ ልዩነት እኛ ዘንድ ጠቃሚ ነው። ሰዎች ከአጥቢያ ሸሽተው የሚወጡት ብዙ ጊዜ በጠባይ ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌው ተሳደበ፣ ኳየሩ ተከፋፈለ። ወንጌሉ ራሱ ሲሸጥ ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ጭራሽ ያጨበጭባሉ። የብልጽግና ወንጌል የሚባለው ትምህርት (ፓርቲውን ማለቴ አይደለም) ክርስቶስን የመኪናና የቪዛ ማግኛ ሲያደርገው “አሜን” ብለን፣ የወንበር አደራደር ሲበላሽ ቤተ ክርስቲያን እንቀይራለን። በጳውሎስ ሚዛን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

እንግዲያው አንዲት አጥቢያ ምንም ብታደርግ የእግዚአብሔር ሆና ትቀራለች?

አይደለም። ራእይ ምዕራፍ 2 እና 3 ላይ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናትን በሚወክሉት መቅረዞች መካከል ይመላለሳል፤ ሰርዴስን “ሕያው እንደ መሆንህ ስም አለህ ሞተህማል” ይላታል፣ ሎዶቅያን ሊተፋት ነው፣ ኤፌሶንንም ንስሐ ካልገባች መቅረዟን ከስፍራው እንደሚወስድ ያስጠነቅቃል። ኤፌሶን ዛሬ ቱርክ ውስጥ ጎብኚ የሚያያት ፍርስራሽ ናት። መቅረዙን የሚያነሣው ግን እርሱ ነው። እኔ ተናድጄ በወጣሁበት እሑድ አልተነሣም።

“የእግዚአብሔር ናት” የሚለው ንግግር በደልን ለመሸፈን አይውልም?

ይውላል፤ እየዋለም ነው። “የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ”፣ “ለውጭ ሰው መሳቂያ እንዳንሆን”፣ “ጓዳችን ይሸፈን” ሲባል ያልሰማ የለም። አንዲት ልጅ በአገልጋይ ተደፍራ ሽማግሌዎች ቤተሰቧን ለማስታረቅ ቡና አስፈልተው ሲቀመጡ፣ እግዚአብሔርን እያገለገሉ እንደሆነ ያምናሉ። ይህ እጅግ ከባድ ስሕተት ነው፤ በተቻለኝ መጠን ግልጽ ላድርገው።

የቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ስለሆነች ነው ጳውሎስ የአባቱን ሚስት ያገባው ሰው ከመካከላቸው እንዲወገድ ያዘዘው። የእግዚአብሔር ስለሆነች ነው “ማንም የእግዚአብሔርን ቤተ መቅደስ ቢያፈርስ እግዚአብሔር እርሱን ያፈርሰዋል” ያለው (1ኛ ቆሮ. 3፥17)። ንብረቱ የራሴ ቢሆን ጉዳቱን ችዬ ዝም ልል እችላለሁ። የአደራ ንብረት ሲጎዳ ዝም የሚል ግን ከአጥፊው ጋር ይቆጠራል።

በሽማግሌ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል የሚለው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 በየስብሰባው ይጠቀሳል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ ኃጢአት የሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጽ የሚለው፣ ለምን እንደሚረሳ ይገባኛል። ሁለቱ አብረው ነው የተጻፉት። የመጀመሪያው አገልጋይን ከሐሜት ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ምዕመንን ከአገልጋይ።

“አማኝ አማኝን ፍርድ ቤት አይከስም” የሚባለውም በቦታው መነበብ አለበት። 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ዕለት ኑሮ ክርክር፣ ስለ መታለልና ስለ ጥቅም ነው። መደፈር፣ ድብደባ፣ የሕፃን ጥቃት በዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ለእነዚህ ያው ጳውሎስ በሮሜ 13 ሰይፍ በከንቱ አልታጠቀም ያለው መንግሥት አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው መንገድ ሆስፒታልና ፖሊስ ነው፤ የሽማግሌዎች ጉባኤ ከዚያ በኋላ ይሰማል። ስታዲየም አካባቢ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ የፖሊስ ምርመራውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ልብስ ሳይታጠብ፣ ገላ ሳይታጠቡ፣ ቀን ሳይቆጠር መሄድ ነው። ይቅርታ በኋላ፣ የተጎዳችው ራሷ በፈለገችበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። በሽምግልና ተገፍቶ የሚሰጥ ይቅርታን ግን ማንም ለእግዚአብሔር ያቀረበ አይምሰለው።

አስራታችን የት እንደሚገባ አናውቅም። ስንጠይቅ “ለእግዚአብሔር ሰጥታችሁ ሒሳብ ትጠይቃላችሁ?” እንባላለን።

አዎ፣ ለእግዚአብሔር ስለሰጣችሁ ነው የምትጠይቁት። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም። ቆሮንቶሶች ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች እንዲያደርሱት ጻፈ (1ኛ ቆሮ. 16፥3)፤ ከቲቶ ጋርም አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ላከ። ምክንያቱን ሲናገር ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል (2ኛ ቆሮ. 8፥20-21)። ሐዋርያ ይህን ካደረገ ስታዲየም ጀርባ አዳራሽ ተከራይቶ የሚያገለግል መጋቢ ከዚህ ሊበልጥ አይችልም።

የሚጠየቀው ነገር ከባድ አይደለም። መባው ከአንድ ሰው በላይ ሆኖ ይቆጠር፣ ባንክ ላይ ፈራሚው ቢያንስ ሁለት ይሁን፣ ፈራሚዎቹ ባልና ሚስት አይሁኑ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የኦዲት ሪፖርት ለምዕመኑ ይነበብ። ይህን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በጨዋ ቃል፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ ይጠይቁ። ኮሪደር ላይ የሚንሾካሾክ ጥያቄ የትም አይደርስም፣ ያቆስላል እንጂ። ሦስት ዓመት ተጠይቆ መልሱ ስድብ ብቻ ከሆነ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ያንብቡ።

መጋቢያችን ሲተች “የቀባሁትን አትንኩ” ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ምን እንመልሳለን?

ቃሉ መዝሙር 105 ላይ ነው፦ “የቀባኋቸውን አትዳስሱ፥ በነቢያቴም ክፉ አታድርጉ።” ከፍ ብለው ቢያነቡ የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። ከአገር አገር የሚንከራተቱ፣ መሬት የሌላቸው ጥቂት ስደተኞች ነበሩ፤ አትንኩ የተባሉትም ነገሥታት ናቸው። አቅመ ቢሱን ከባለ ሥልጣን የሚጠብቅ ቃል ተገልብጦ ባለ ሥልጣኑን ከአቅመ ቢሱ ጥያቄ መጠበቂያ ሆነ።

ዳዊት ሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከዋሻው ወጥቶ፣ የልብሱን ጫፍ ይዞ፣ ሠራዊቱ እየሰማ በደሉን ነገረው። አልገደለውም፣ ዝምም አላለውም። በኋላ ዳዊት ራሱ ሲነግሥና ሲበድል ናታን ፊት ለፊት “ያ ሰው አንተ ነህ” አለው። ናታን የተቀባ ነው ብሎ ፈርቶ ቢተወው ኖሮ መዝሙር 51ን ዛሬ ባልዘመርነው።

በነገራችን ላይ “የእግዚአብሔር ናት” የሚለው አባባል ከማንም በላይ የሚያስጨንቀው መጋቢን መሆን አለበት። ጴጥሮስ ሽማግሌዎችን የእግዚአብሔርን መንጋ ጠብቁ፣ በኃይል አትግዙ ሲል በአንድ ትንፋሽ ነው። መንጋው የእነርሱ ቢሆን ኖሮ ሸጠው ለውጠው ባዘዙበት ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዑራኤል አካባቢ ካለው የመካነ ኢየሱስ ጉባኤ ሲወጡ በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ተከፍቶላቸው መንጋውን ትቼ አልሄድም ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። መንጋው የማን እንደሆነ የገባው እረኛ እንዲህ ያደርጋል፤ የግል ጠባቂ ቀጥሮ በምዕመኑ መካከል የሚያልፈውን እናንተው አስተያዩት።

በቋንቋ ተከፋፍለናል። የአማርኛው ፕሮግራም ጥሩውን ሰዓት ይዟል፣ የአፋን ኦሮሞው ከሰዓት ተወርውሯል። ይህች የእግዚአብሔር ናት?

ኢየሩሳሌም ያለችው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ታምማ ነበር። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ “መበለቶቻችን በየቀኑ በሚታደለው ምግብ ይዘለላሉ” ብለው አንጎራጎሩ። ጴንጤቆስጤ ከሆነ ብዙም አልቆየም፤ መንፈስ ቅዱስ በየቋንቋው ያናገራቸው ሰዎች በቋንቋ ተጣሉ።

ሐዋርያት “ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን፣ ይህን አታንሡ” አላሉም። ቅሬታውን ተቀበሉ፣ ጉባኤውን ጠሩ፣ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡትን ስም ያንብቡ፤ ከእስጢፋኖስና ከፊልጶስ ጀምሮ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ማዕዱን ቅሬታ ላቀረበው ወገን ሰዎች አስረከቡት ማለት ነው። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ እኛ ብንሆን ከሁለቱም ወገን እኩል ቁጥር ያለው ኮሚቴ አቋቁመን ለሁለት ዓመት እናጠና ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሱ አዎ ነው፣ የእግዚአብሔር ናት። የጠዋቱን ሦስት ሰዓት የያዘው ወገንም ሰዓቱን ለሌላው ለቅቆ ማየት አለበት። ቢያንስ በየተራ ይሁን።

ሞንታርቦው ጆሮ ያደነቁራል፣ ማስታወቂያው አያልቅም።

ያናድዳል። ድምፅ የሚቆጣጠረውን ልጅ ጠርተው ያስቀንሱ፤ ለጎረቤትም ቢሆን ሕመምተኛና ሕፃን አለበት። ይህን ከእምነት ጥያቄ ጋር ማቀላቀል አያስፈልግም።

በዩቲዩብ ከአጥቢያችን የተሻለ ስብከት እሰማለሁ። ለምን ታክሲ ተጋፍቼ እሄዳለሁ?

ስብከቱ ሊሻል ይችላል፤ አልከራከርም። ስልክዎ ግን ስትታመሙ መጥቶ አይጠይቅም፣ እርስዎም የሰባኪው ኪራይ መጨመሩን አያውቁም። ዕብራውያን 10 መሰብሰብን አትተዉ ሲል ምክንያቱ ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እርስ በርስ መነቃቃት ነው፤ ይህ ሌላውን ሰው ይፈልጋል፣ የሚሰለቸውን ጭምር።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሌላ ነገር ያለባቸው ሰዎችም አሉ። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሡ ምዕመኑ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበትኗል፤ ለአንዳንዱ ወደ ድሮ አጥቢያው መምጣት የግማሽ ቀን መንገድ ሆኗል። ለእነዚህ “ለምን ቀራችሁ” ማለት ጭካኔ ነው። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ተዘግታ ንብረቷ ሲወረስ፣ ምዕመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰባሰቡ፤ ደርግ ወድቆ ደጁ ሲከፈት ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። አሁን በተዛወሩበት ሰፈር ሦስት አራት ቤተሰብ ሆኖ በሳምንት አንድ ማታ መገናኘት፣ አጥቢያዋም አገልጋይ እየላከች መደገፍ ይቻላል። አዳራሹ ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ።

ከዚህ ሁሉ ንጹሐን ብቻ ሆነን ለምን አዲስ አንጀምርም?

ተሞክሯል። በ303 እ.ኤ.አ. ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ማሳደድ ሲጀምር በሰሜን አፍሪካ አንዳንድ ቀሳውስት ፈርተው ቅዱሳት መጻሕፍትን ለወታደር አስረከቡ። ስደቱ ካለፈ በኋላ የካርታጎ ጳጳስ ሆኖ የተሾመውን ቄቂልያኖስን ከሾሙት አንዱ መጻሕፍት አስረክቧል ተብሎ ተከሰሰ። “በረከሰ እጅ የተሾመ ጳጳስ አይደለም፣ እኛ ንጹሐኑ ነን” ያሉት ዶናቲስቶች ተባሉ። መለያየቱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በ411 ካርታጎ ላይ ሁለቱ ወገኖች በመቶ በሚቆጠሩ ጳጳሳት ተወክለው ተከራከሩ።

በዶናቲስቶች ላይ የቆመው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ አነሣ። ባሮቹ እንክርዳዱን እንንቀል ሲሉ ጌታቸው ስንዴውን አብራችሁ ትነቅላላችሁ፣ እስከ መከር ተዉት ይላቸዋል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለው ተረታችን ለዚያ እርሻ የተተረተ ይመስላል። ዶናቲስቶች ግን ሞኞች አልነበሩም፤ “እርሻው ዓለም ነው ተብሎ ተጽፏል፣ ቤተ ክርስቲያን አልተባለም” ብለው መለሱ። ጥሩ መልስ ነው፤ ምሳሌው ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም። ይበልጥ የሚያሳምነኝ የአውግስጢኖስ ሌላው ነጥብ ነው፦ ጥምቀቱ የክርስቶስ ነው፤ የአጥማቂው እጅ ቢረክስ የሚጠመቀው ሰው አልተታለለም። (ያው አውግስጢኖስ መንግሥት ዶናቲስቶቹን በግድ እንዲመልስ መደገፉ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። እርሱም ከእንክርዳድ አልጠራም።)

የእኛ ከተማ ልምድም ከዚህ አይርቅም። ተቆጥታ የወጣች ትንሽ ቡድን መጀመሪያ በሰው ሳሎን ትሰበሰባለች፤ ፍቅሩ ይጥማል። ከዚያ አዳራሽ ይከራያል፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ ኳየር ይቋቋማል፣ ችግሩም አብሮ ይመጣል። አዲስ አጥቢያ መትከል መልካም ነው፤ ሰፈሩ ስለሚያስፈልገው ከተተከለ።

ይህ ለኦርቶዶክስ ዘመዶቻችንም ይሠራል?

እነርሱ ከእኛ ይልቅ ይቀርባቸዋል ብል አላጋነንኩም። በቅዳሴ “ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት” ሲሉ ደብሩ የሙስና ወሬ ኖሮበትም “ቅድስት” ማለታቸውን አያቆሙም። ከ1984 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ውጭ አገር ሆኖ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ታርቀው አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገር ተመለሱ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጠዋት ኪዳን ይደረስ ነበር፣ ሕፃን ይጠመቅ ነበር። ጊዮርጊስ ደጅ ተሳልማ የምትሄድ እናት የጳጳሳቱን ጠብ ሰምታለች፤ ደጁ የማን እንደሆነ ግን አልጠፋትም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ምንነት በብዙ ነገር አንስማማም፣ ከዚህች እናት ግን የምንማረው አለ።

የበደለኝ ሰው ጽዋ ሲያዞር እንዴት ከእጁ ልቀበል?

መጀመሪያ፣ በደሉ ከላይ የተጻፈው ዓይነት ከሆነ ከእጁ እንዲቀበሉ ማንም ሊያስገድድዎ አይገባም፤ እርሱም እዚያ ቆሞ መገኘት የለበትም።

ተራ ጠብ ከሆነ፣ የብድር ገንዘብ፣ የታጣች ሹመት፣ የሰርግ ጥሪ የቀረበት ዓይነት፣ ማቴዎስ 18 ያለው መንገድ አለ፦ ብቻህን ሂድ፣ ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እነርሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገራት። እኛ ግን በሦስተኛው እንጀምራለን፤ ለሁሉም አውርተን ስናበቃ ለባለጉዳዩ ሳንነግረው እንቀራለን። ሂዱና ቅዳሜ ማታ ደውሉለት። ካልተነሣ እሑድ ጠዋት ደጁ ላይ ጠብቁት።

ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ስለ ማዕዱ ሲቆጣ የነካው ነገር ይህን ይመስላል። የጌታን ሥጋ ሳይለዩ የሚበሉ ያላቸው ድሀውን ወንድም አሳፍረው የሚበሉትን ነበር። በዚህም ምክንያት በመካከላቸው ብዙ ደካሞችና ሕመምተኞች እንዳሉ ነገራቸው። ማዕዱን ግን አልዘጋባቸውም፤ “ስትሰበሰቡ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ” ነው ያላቸው።

ታዲያ መቼ ነው መልቀቅ የሚፈቀደው? መሸኛ ደብዳቤ ቢከለክሉኝስ?

የእግዚአብሔር ናት ማለት እርስዎ ለዕድሜ ልክ ታስረውባታል ማለት አይደለም፤ ሌሎቹም አጥቢያዎች የእርሱ ናቸው። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተቆራርጠው በየመንገዳቸው ሄደዋል (ሐዋ. 15፥39)። በኋላ ጳውሎስ በርናባስን እንደ አገልግሎት ባልደረባ ይጠቅሰዋል፣ ማርቆስንም ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና አምጣው ይላል። መለያየቱ መራራ ነበር፣ ስም ማጥፋት ግን አልተከተለውም።

ወንጌሉ ከተለወጠና ተነግሯቸው ካልተመለሱ ይውጡ። በደለኛ አገልጋይ እየተሸፈነ ልጆችዎ ደኅና ካልሆኑ ዛሬውኑ ይውጡ፣ ደብዳቤ አይጠብቁ። የገንዘቡ ጉዳይ በተገቢው መንገድ ለዓመታት ተጠይቆ በር ከተዘጋም መውጣት ይቻላል። ቤት ቀይረው ከራቀዎት ደግሞ ይህ በደል እንኳ አይደለም፤ በግልጽ ተናግሮ፣ ተጸልዮ፣ መሰነባበት ነው። ስለ ሰለቸዎት ብቻ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ይቆዩ፤ ከአገልግሎት ክፍሎቹ በአንዱ ገብተው ወንበር እየደረደሩ ይቆዩ።

መሸኛን በተመለከተ፦ ማመልከቻዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ምክንያቱን በሦስት አራት መስመር፣ ሰው ሳይሰድቡ ይግለጹ፣ ቀኑን ጽፈው አንዱን ቅጂ ያስቀሩ። ብዙ አጥቢያዎች በሽማግሌዎች ስብሰባ አይተው ይሰጣሉ። አንሰጥም ካሉ የማመልከቻዎን ቅጂ ይዘው ወደሚሄዱበት አጥቢያ ሽማግሌዎች ይቅረቡና ሁኔታውን ያስረዱ፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ስልክ ደውለው ከቀድሞዎቹ ጋር ይነጋገራሉ። ደብዳቤው የአስተዳደር ወረቀት ነው። በቀድሞ አጥቢያዎ ስም የተመዘገበ የኅብረት ቁጠባ ወይም የእድር መዋጮ ካለዎት ከመውጣትዎ በፊት ሒሳቡን ይዝጉ፤ በኋላ ጠብ የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው።